ለእንግዳ የተቆለፈው ሽንት ቤት

ቢያዝን ጉድጓዱን የቆፈረው በዲጅኖ ነው። የጓሳ ሜዳ ትምህርት ቤት ያለበት ጉብታ አፈሩ ስስ ነው፣ ከሥሩ አለት ነው። አካፋ ከጉልበት በታች አይወርድም። ከአምባ ጊዮርጊስ የመጡት የቀን ሠራተኞች ሞክረው «ሌላ ቦታ ፈልጉ» ብለው ሄዱ። ሌላ ቦታ አልነበረም። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ቢያዝን ዲጅኖውን ከቤቱ አምጥቶ ብቻውን ጀመረ።

ገበያ የሚወርደው ሁሉ ቆሞ ያየዋል።

«አያ ቢያዝን፣ ወርቅ አገኘህ እንዴ?»

«የለም። አንተ የምትቀመጥበትን ነው የምቆፍር።»

«እኔማ ሜዳው ይበቃኛል።»

«ሜዳው ግን በቅቶታል፤ ጠይቀው።»

በዚያ አገር ወንድ ልጅ ለሽንት ቤት ብሎ ወገቡን አይሰብርም። ቢያዝን ግን ምክንያት ነበረው። ቀድሞ የነበረው የእንጨት ሽንት ቤት በአንድ ክረምት ተንዶ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ተማሪው ሁሉ የሚወጣው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው ፈፋ ነው። ሴቶቹ ሲወርዱ ወንዶቹ ከላይ ሆነው ጠጠር ይወረውራሉ፣ ያፏጫሉ። ትልቋ ልጁ ብርቱካን የወር አበባ ማየት ስትጀምር በየወሩ ጥቂት ቀን መቅረት ጀመረች። ቆየት ብሎ በየወሩ ጥቂት ቀን መምጣት ሆነ። ከዚያ ተዳረች። ለምን እንደቀረች ለአባቷ አልነገረችውም። የነገረችው ሚስቱ እቴነሽ ናት፣ ያውም ከሠርጉ በኋላ።

ሁለተኛዋ ልጁ ዓይናዲስ ሰባተኛ ክፍል ገብታለች። ጉድጓዱ ለእሷ ነበር።

አለቱ ሲያልቅ አንድ የእርዳታ ድርጅት ከጎንደር ግንበኛና ሲሚንቶ ላከ። በታኅሣሥ ሥራው ተጠናቀቀ። ለሴት ሁለት፣ ለወንድ ሁለት ክፍል፤ የሲሚንቶ ወለል፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ በር። ከጎኑ ጥቁር ሮቶ ተተከለ፣ ከሥሩ የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ተበጀለት። መንገዱ ደረቅ ስለነበር ቦቴ እየተንገጫገጨ መጥቶ ሮቶውን ሞላው። ልጆቹ ከኋላው ሮጡ።

በዚያው ቀን ርእሰ መምህሩ እስጢፋኖስ ቢያዝንን ጠራው። ጓጉንቸሮችና ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁልፍ ሰጠው።

«አያ ቢያዝን፣ እስኪመረቅ ድረስ ሰው እንዳይገባበት። እንግዶቹ ከጎንደር ይመጣሉ። ወለሉን አይተው ደስ ካላቸው ሁለተኛው ዙር ቧንቧ ነው። ሩቅ ካለው ከላይኛው ምንጭ እስከዚህ ድረስ፣ ለትምህርት ቤቱም ለመንደሩም። በፊት የነበርሁበት ትምህርት ቤት ሽንት ቤቱ ሳይመረቅ ተገባበት። እንግዶቹ በር ከፍተው አፍንጫቸውን ይዘው ወጡ። ሁለተኛው ዙር በዚያው ቀረ።»

«እንግዳ ሳይገባበት ማን ይገባበታል?» አለ ቢያዝን። እንዲያውም የገረመው ርእሰ መምህሩ ይህን ያህል ማስረዳቱ ነው። በቢያዝን ቤት ከላስቲኩ ያልወጣ ብርድ ልብስ አለ። ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቅ ብርጭቆዎች አሉ። እቴነሽ በታመመች ጊዜ እንኳ ያ ብርድ ልብስ አልወረደም። ሸጋው ነገር የእንግዳ ነው። ባለቤቱ የሚጠቀመው እንግዳው ከሄደ በኋላ ነው።

ቁልፉን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረው። በየሳምንቱ ከፍቶ ማንም ያልረገጠውን ወለል ይጠርጋል፣ የሸረሪት ድር ያወርዳል፣ መልሶ ይቆልፋል።

አንድ ቀን በእኩለ ቀን ዕረፍት ዓይናዲስ ጓደኞቿን አስከትላ መጣች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች፣ በትር ይዛ ጎብጣለች።

«ቤቶች!» አለች በሽማግሌ ድምፅ። «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ!»

ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ቢያዝን ሳቁን ዋጥ አደረገ።

«ከየት ነው የመጡ እንግዳዬ?»

«ከጎንደር። በማኪና። ሪባን ልቆርጥ።»

«የጎንደር እንግዳ የሰባተኛ ክፍል ደብተር ይዞ ነው የሚዞር?»

«ያልተማረ እንግዳ ነው የምትፈልግ?»

ልጃገረዶቹ ተንጫጩ። አንዷ «እኔ አስተርጓሚዋ ነኝ፣ ለኔም ይከፈት» አለች። ቢያዝን ሳቀ። ዓይናዲስ ነጠላውን ከፊቷ አወረደች። እሷ አልሳቀችም።

«አባቴ፣ እውነት ዛሬ ቸግሮኛል። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ቢያዝን ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ተመለከተ። ከዚያ ወደ ሰማያዊው በር።

«ሲመረቅ» አላት። «ምን ቀረው? ይኸው ደረሰ።»

ዓይናዲስ ደብተሯን ብብቷ ሥር ይዛ ወደ ቤት ሄደች። ሳምንቱን ሙሉ አልተመለሰችም። ማታ እቴነሽ ራት እያቀረበች፣ ወደ ባሏ ሳታይ ጠየቀችው።

«ምነው አንተ፣ ያን ጉድጓድ ለማን ነበር የቆፈርኸው?»

«ለሷ።»

«እሷማ ከቤት ውላለች።»

«እንግዳ ሲመጣ ባዶ እጃችንን እንቁም?»

እቴነሽ ድስቱን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ምረቃው ከጥምቀት በኋላ ነው ተብሎ ነበር። ጥምቀት አለፈ፣ አልመጡም። ጾም ሲገባ ያለ ድግስ ምረቃ አይሆንም ተባለና ለፋሲካ ማግሥት ተቀጠረ። በፋሲካ ማግሥት መንገድ ተዘጋ። በጎንደርና በደባርቅ መካከል ተኩስ ነበረ፤ ተሽከርካሪ አያልፍም። እስጢፋኖስ ስልክ የሚያገኝበት ጉብታ ላይ እየወጣ ይደውላል። ሲወርድ ፊቱን አይቶ መጠየቅ አያስፈልግም። ቢያዝን መጥረጉን ቀጠለ። ተማሪው ፈፋውን ቀጠለ።

ፈፋው የሚወርደው ወደ ታችኛው ምንጭ ነው። መንደሩም ትምህርት ቤቱም የሚጠጣው ከዚያ ነው። በበጋ ፈፋው ደረቅ ስለሆነ ነገሩ ለማንም አልታየውም። የግንቦቱ የመጀመሪያ ዶፍ ሲወርድ ፈፋውን ከላይ እስከ ታች አጠበው። ምንጩ ደፈረሰ። ሴቶቹ እስኪጠል ጠብቀው ቀዱ።

መጀመሪያ የታመመው ከታች ሰፈር አንድ ሕፃን ነው። ከዚያ አሮጊት፣ ከዚያ ተማሪዎች። የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ፍሬ ከቤት ቤት እየሮጠች «አተት ነው፣ ውሃ ሳታፈሉ አትጠጡ» አለች። ዝናቡ አላባራም። እንጨቱ ረጥቧል፣ ኩበቱ ረጥቧል። የሚያፈላ ጥቂት ነበር።

ዓይናዲስን ጎህ ሲቀድ ጀመራት። ፀሐይ ስትወጣ መቆም አቃታት። ፍሬ ስትደርስ ዓይኗ ጎድጉዷል፣ የእጇ ቆዳ ቆንጥጠው ሲለቁት አይመለስም። ፍሬ ከቦርሳዋ የኦ አር ኤስ ከረጢት አወጣች።

«ንጹሕ ውሃ አምጡ።»

እቴነሽ እንስራውን አየችው።

«ከምንጩ የተቀዳ ነው።»

«እሱንማ እንዴት አጠጣታለሁ? የፈላ የለም?»

«እሳቱ እንቢ አለኝ» አለች እቴነሽ። እጇ ጠቁሯል፣ ከምድጃው ጭስ ብቻ ይወጣል።

ቢያዝን ጀሪካኑን አንሥቶ ወጣ። ከትምህርት ቤቱ እስኪደርስ ሮጠ። ቁልፉን ከአንገቱ መፍታት አቅቶት ጎንበስ ብሎ፣ አንገቱን ወደ በሩ አስጠግቶ ከፈተ። የቧንቧው መዝጊያ ከውስጥ ነበር። ሲያዞረው ውሃው ወረደ፤ ጥርት ያለ፣ ድምፅ ያለው። እስጢፋኖስ ከቢሮው ደጃፍ ቆሞ አየው።

ፍሬ በጠበጠችው። ዓይናዲስ በማንኪያ ወሰደች፣ መለሰችው፣ እንደገና ወሰደች።

«ከየት ነው?» አለች።

«ከሮቶው» አላት አባቷ።

«እንግዶቹ መጡ?»

«አልመጡም። ጠጪ።»

ወደ ጤና ጣቢያ ሊያደርሷት በቃሬዛ አወጧት። ጓሳ ሜዳ ከአስፋልቱ ግማሽ ቀን መንገድ ነው፣ በጭቃ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ጎረቤት እየተፈራረቀ ተሸከመ። ፍሬ በጆግ የያዘችውን ውሃ በማንኪያ እየሰጠች ከጎን ትሄዳለች። አስፋልቱ ከሚታይበት ቁልቁለት ላይ «አንድ ጊዜ አቁሙ» አለች። ጎንበስ ብላ የዓይናዲስን አንገት ዳሰሰች። ቆየች። ከዚያ ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠች።

ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን አዙረው ዳገቱን ወጡ።

ለለቅሶው እስጢፋኖስ መጣ። ከድንኳኑ ጥግ ተቀመጠ። ሰው ሲቀንስ ወደ ቢያዝን ተጠጋ።

«አያ ቢያዝን፣ ትእዛዙ የኔ ነበር።»

«ካንተ ባልሰማም እቆልፈው ነበር» አለ ቢያዝን።

ክረምቱን ሙሉ ቢያዝን ዘበኝነቱን ቀጠለ። የት ይሄዳል? በሽታው ሌሎችንም ወስዶ በነሐሴ ቆመ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ሰማያዊዎቹ በሮች በቦታቸው አልነበሩም። ቢያዝን ከማጠፊያቸው ነቅሎ ከግድግዳው አስደግፏቸዋል። ጓጉንቸሮቹን ከቁልፉ ጋር ጉድጓዱ ውስጥ ጥሏቸዋል።

ወንዶቹ ገቡ። ሴቶቹ ግን ከሩቅ ቆመው እያዩ ሄዱ። በማግሥቱም ሄዱ። ቢያዝን የዓይናዲስ ጓደኛ የነበረችውን፣ «አስተርጓሚ ነኝ» ያለችውን ልጅ ጠራት።

«ምነው? ይኸው ክፍት ነው።»

ልጅቱ እግሯን እያየች መለሰች።

«አያ፣ በር የሌለውማ ከፈፋው በምን ይሻላል? በፈፋው ቁጥቋጦ አለ።»

ቢያዝን ቀኑን ሙሉ በሮቹን ሲያይ ዋለ። በማግሥቱ መዶሻ ይዞ መጣና መልሶ ገጠማቸው። የውጩን መቀርቀሪያ ነቅሎ በውስጥ በኩል መታው። ከውጭ የሚዘጋ አንድም ነገር አልተወም። ወንዶቹ እንዳያጮልቁ የድሮውን ምስማር ቀዳዳ በሬንጅ ደፈነው። ሮቶው ሳይቆይ ስላለቀ በአህያው ከላይኛው ምንጭ ይቀዳል፤ በየጧቱ ጀሪካኑን እየተሸከመ መሰላል ወጥቶ ይሞላዋል።

ኅዳር ላይ መንገዱ ተከፈተ። እንግዶቹ በሁለት መኪና መጡ። እስጢፋኖስ ተማሪውን አሰልፏል፣ ሪባኑን በሁለት እንጨት መካከል ወጥሯል። ወለሉ በጧት ታጥቧል። ቢሆንም አዲስ አይመስልም። በሩ ተጫጭሯል፣ በግድግዳው ላይ በከሰል የማን እንደሆነ የማይታወቅ ስም ተጽፏል፣ ሽታውም የሚሠራበት ሽንት ቤት ሽታ ነው።

የእንግዶቹ መሪ፣ ጃኬት የለበሱ ሰው፣ መቀሱን ከመቀበላቸው በፊት ውስጡን ማየት ፈለጉ። ፎቶ አንሺው ተዘጋጀ። ሰውየው ወደ ሴቶቹ በር ሄደው ገፉት። አልተከፈተም።

«አያ ቢያዝን፣ ክፈትላቸው እንጂ» አለ እስጢፋኖስ።

«ከውስጥ ነው የተዘጋ። ሰው አለበት።»

«ንገራት ትውጣ።»

ቢያዝን አልተንቀሳቀሰም። እንግዳው ፈገግ አሉ።

«አባት፣ እኛ እኮ ከጎንደር ነው የመጣነው።»

«አውቃለሁ ጌታዬ። ይጠብቁ፣ ትጨርስ።»

ቆሙ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን አወረደ። ከተማሪው መካከል አንዱ ሳቀ፣ ሌላው በክርኑ ነካው። እስጢፋኖስ ወደ መሬት አቀረቀረ። ከውስጥ ውሃ ሲደፋ ተሰማ፣ ከዚያ መቀርቀሪያው ተሳበ። አንዲት ትንሽ ልጅ ወጣች። ሕዝቡን ስታይ ክው ብላ ቆመች። ልትሮጥ ነበር።

«እጅሽን» አላት ቢያዝን።

ልጅቱ በእንግዶቹ መካከል አልፋ ወደ ሮቶው ሄደች። ታጠበች። ቢያዝን አጠገቧ ቆሞ ጠበቃት፣ ስትጨርስ ቧንቧውን ዘጋላት። ከዚያ ወደ ጎንደሩ እንግዳ ዞረ።

«አሁን ባዶ ነው» አላቸው።