ያልጨረሳቸው ሁለት ቀዳዳዎች

የወልደሥላሴ አርባ ካለፈ በኋላ ሾፌሩ ጣዲቻ የጭነት መኪናውን ቴስታታ ሊወስድ መጣ። ይኸው የሞተሩ ራስ በረንዳው ላይ ጆንያ ለብሶ ተቀምጧል። ከአራቱ የአየር መግቢያ ቀዳዳዎች ሁለቱን ሟቹ፣ መኪናው ጉልበት እንዲያገኝ፣ ፍቆ አስፍቷቸዋል። ሁለቱ ገና ሸካራና ጠባብ ናቸው።

«አካም፣ እትዬ በዛብሽ?» አላት የሟቹን ሚስት።

«ናጋ። ግባ።»

«ድሮ የቦሬን ዳገት ስወጣ የጫንኳቸው በሬዎች ወርደን እንግፋ ወይ ይሉኝ ነበር። አሁን ደግሞ መኪናው ቆሞ ዶሮ ፈለፈለበት። ሌላ ባለሙያ አግኝቻለሁ፤ አራቱንም እንደ አዲስ እፍቃቸዋለሁ ብሎኛል።»

አራቱንም ከሆነ የወልደሥላሴ እጅ ያረፈባቸውም አብረው መፋቃቸው ነው። ከዚህ ሌላ ሳይጨርሰው የሄደ ሥራ የለውም።

«እስከ ቅዳሜ ተወው፤ እኔ እጨርሰዋለሁ» አለችው።

ጣዲቻ ሊስቅ ብሎ የለበሰችውን ጥቁር ሲያይ ተወው። «ቢበሱትስ? ከቀዳዳው ግድግዳ ጀርባ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ ነው እኮ የሚያልፈው!»

«አውቃለሁ።»

እንዴት አታውቅ! በሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲበተን ወልደሥላሴ ከሠራዊቱ ጋራዥ ይዞ የወጣው ሙያውን ብቻ ነበር። ነገሌ ላይ መብራት ሲመጣ ሲሄድ፣ በእንጨት ዘንግ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ጠምጥሞ በእጁ ይፍቅ ጀመር። ከሰባተኛ ክፍል አቋርጣ ያገባችው በዛብሽ ብረቱን ታቅፋ ትይዝለታለች። ዓይኑ ከደከመ ወዲህማ ጣቷን ሰዳ የምትለካው እሷ ነበረች። «እዚህ ጋ ይጎረብጣል» ስትለው ይፍቃል፣ «በቃ» ስትለው ያቆማል። ብዙ ቀን ከዚያ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

ሦስት ቀን ፋቀች። ጣቷን አንዴ በእሱ ቀዳዳ፣ አንዴ በራሷ እየሰደደች ታመሳክራለች። ብናኙ ጥቁር ልብሷን አመድ አስመሰለው። ዓርብ ከሰዓት ላይ እጇ ቆመ። ዙሪያዋን አየችና ማንም በሌለበት ጮክ ብላ «በቃ» አለች።

ቅዳሜ ጣዲቻ ፊት የውሃውን መንገድ ሞልታ ጠበቀች። ጠብ ያለ ነገር የለም። ወልደሥላሴ ደንበኛን ሥራውን ሳያስዳስስ አይሸኝም ነበርና፣ እሷም «ዓይንህን ጨፍን» አለችው። «የእሱ የትኞቹ ናቸው?»

ጣዲቻ ጣቱን እያስገባ እያወጣ ደጋግሞ ዳሰሰ።

«እነዚህ!» አለ። «የጋሽ ወልዴ እጅ ይጠፋኛል?»

የነካው የእሷን ነበር።

«አዎ፣ እነሱ ናቸው» አለችው።

ተሸክሞት ወጣ። በዛብሽ ብናኝ የያዘውን ጣቷን ልትታጠብ ውሃ ቀዳችና ተወችው። ጆንያው የቴስታታውን ቅርጽ እንደያዘ በረንዳው ላይ ቀርቷል። አራግፋ ሰቀለችው።