ራህመትን በባትሪ ወደ ቤት ያመጣንበት መንገድ

ሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ መካነ ሰላም

ከቤት የወጣነው የሱብሒ ሶላት እንዳበቃ ነው። ጉም መናኸሪያውን ውጦታል፤ «ደሴ፣ ደሴ» የሚሉት ረዳቶች ድምፃቸው እንጂ መልካቸው አይታይም። እኛ ግን በሚኒባስ አልሄድንም። ታናሽ ወንድሜ ሰይድ አሮጌ መኪናውን አስነስቶ በር ላይ ጠበቀኝ።

ሰፈሩ መኪናዋን «ቤቷ» ይላታል። ድሮ ፈረንጆች አገር ሲያዩ የሚያድሩባት ነበረች፤ ከኋላዋ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ትንሽ መስኮት ከነመጋረጃዋ አላት። ሰይድ ቆማ ስትዝግ አግኝቶ ገዛትና አስጠገናት። አሁን ልባሽ ጨርቅ እየጫነ ከገበያ ገበያ ይዞርባታል።

እኔ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥሁ ሴት ነኝ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ማሽን ተሰጥቷቸው ወደ ቤት የሚሸኙ እናቶች ስላሉ ነው። ፊደሉን የእህቴ ልጅ ታቃናልኛለች፤ ነገሩ የኔው ነው።

ልጄ ራህመት ደሴ ተኝታ ከረመች። ሳንባዋ ላይ ጠባሳ ቀርቷል። ሐኪሙ፣ ከዚህ ወዲያ እዚህ የሚያስተኛት ነገር የለም፣ ወደ ቤት ትሂድ፣ ይቺ ማሽን ግን አትቋረጥባት አለኝ። ማሽኗ ከአየሩ ኦክስጅኑን ለይታ በቀጭን ቱቦ አፍንጫዋ ላይ ታደርስላታለች። የምትሠራው በመብራት ነው። የኛ አገር መብራት ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል፤ መንገድ ላይማ ጭራሽ የለም። አምቡላንስ ብለምንም እስከኛ ድረስ የሚመጣ አላገኘሁም።

ሰይድ ያኔ ነው «ቤቷን ባትሪ እናስገጥምላት» ያለው። መንገዱን በባትሪው እንመጣለን፤ ስንደርስ መኪናዋን ከግድግዳው ሥር አቁመን ሽቦውን በመስኮት እናስገባለን፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ራህመት በዚያ ትተነፍሳለች። እሺ አልሁት። ሆዴ ግን እሺ አላለም። ባትሪ ይፈነዳል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ መኪና ሲነድም በዓይኔ አይቻለሁ።

አቀስታ ላይ ቁርስ ቆምን። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ሰዉ ሁሉ ባናውን ተከናንቦ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ትኩስ የገብስ ቂጣ በአዋዜ ቀረበልን። እኔ አልወርድ አለኝ፤ ሰይድ የራሱንም የኔንም በላ። «አብሽሪ እታለም፣ አንቺ ስትፈሪ እኔ ይርበኛል» አለኝ።

ማክሰኞ፣ ደሴ

የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩት ሰው ጋሽ ደምሴ ይባላሉ። ጠና ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አውጥተው የሚረሱት ዓይነት ናቸው። ሱቃቸው ውስጥ ባትሪ እንደ ጡብ ተደርድሯል።

ሰይድ ገና ሲገባ የከባድ መኪና ባትሪ ላይ እጁን ጫነ። ሲኖትራክ የሚያስነሳ ባትሪ የአንዲት ልጅ ማሽን ያቅተዋል እንዴ ነው ነገሩ። ጋሽ ደምሴ ሳቁበት።

«ይኼ ኮርማ ነው ሰይዶ። አንዴ ገፍቶ ሞተር ያስነሳል፣ ከዚያ ይተኛል። ለልጅቷ የሚሆናት ቀኑን ሙሉ የሚያርስ በሬ ነው።»

ቀጥሎ ውኃ የሚጨመርበትን ባትሪ አየን። ሰይድ ረከስ ስለሚል ወደደው። ጋሽ ደምሴ መኪናዋ ውስጥ ምን እንደሚጫን ጠየቁኝ፤ ኦክስጅን ስላቸው ባትሪውን ወደ ጥግ ገፉት። ሲሞላ የሚነድ ጋዝ ይተነፍሳል፣ በተዘጋ ቤት ኦክስጅን ሲጨመርበት አንዲት ብልጭታ ትበቃለች አሉኝ። በርጩማ አቀረቡልኝ፤ ተቀመጥሁ። ሊትየም የሚሉትን ቀላሉን ባትሪም አነሱልን፤ እሱ ደግሞ እንደ ጉጉፍቱ ደጋ ያለ ውርጭ ሲመታው አልሞላም ይላል፣ አስተማማኙም በእጃቸው የለም። በመጨረሻ ድፍን የሆኑትን፣ ጄል የሚባሉትን፣ ሁለቱን መረጥን። አንዱን ለማንሳት ሁለት ጎልማሳ ያስፈልጋል።

እኔ አሁንም ከበርጩማው አልተነሳሁም። «ጋሽ ደምሴ፣ ቁርጡን ይንገሩኝ፤ ልጄን አልጋ ላይ ላነዳት ነው?» አልኋቸው።

«እትዬ፣ የሚያነደው የላላ ሽቦ ነው» አሉኝ። «ገጥሜ ስጨርስ እያንዳንዱን እርስዎ ይሳቡታል። ያልላላልዎትን ይዘው ይሄዳሉ።»

ሥራው ቀኑን ፈጀ። ባትሪዎቹን ከአልጋው ሥር፣ በኋላ ጎማዎቹ መካከል አስቀመጧቸው፤ ክብደታቸው መኪናዋን ወደ አንድ ጎን እንዳይጥላት ነው። ብረት አበጅተው ከወለሉ ጋር በብሎን አሰሩ፣ ከሥር ጎማ አነጠፉ፣ ከላይ በጠፍር ጠፈሩ። ባትሪው አፍ ላይ ፊውዝ ሰኩ፤ ሽቦው አንድ ነገር ቢነካው ቀድሞ እሱ ይቃጠልና ይቆርጠዋል። የባትሪውን ጉልበት ወደ ቤት መብራት የሚለውጠውን ኢንቨርተር ከቁም ሳጥኑ ጎን ሰቀሉ። ደግሞ የሚለያይ ነገር አስገቡ፦ ሞተር ሲነሳ ዲናሞው የሞተሩንም የቤቱንም ባትሪ ይሞላል፤ ሞተር ሲጠፋ ይለያያሉ፣ አንዱ የሌላውን አይበላም።

ከዚያ ጠሩኝ። ነጠላዬን አደግድጌ አልጋው ሥር ገባሁና ሽቦውን አንድ በአንድ ሳብሁ። ለልጅ ነፍስ የሚሳብ ነውና አልራራሁለትም። አንዱ በእጄ ላይ ቀረ። ሰይድ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ የጋሽ ደምሴን ፊት አይቶ ዘጋው። እሳቸው አዲስ ጫፍ ቆርጠው፣ በፒንሳ ጨምቀው፣ መልሰው ሰጡኝ። በሁለት እጄ ሳብሁት። አልመጣም።

መጨረሻ ላይ ባትሪው ምን ያህል እንደቀረው የምታሳይ፣ መርፌ ያላት ሰዓት የመሰለች ነገር ግድግዳው ላይ ገጠሙ። ቀይ ቀለም አለዎት ወይ አሉኝ፤ በራህመት ዕቃ መካከል የጥፍር ቀለም ነበርና ሰጠኋቸው። በሰዓቷ እኩሌታ ላይ መስመር አሰመሩ።

«መርፌዋ እዚህ እስክትደርስ የእናንተ ነው፤ ከዚህ በታች የባትሪው ነው። ደጋግማችሁ ከበላችሁት ባትሪው ይሞታል፣ ማሽኗም ድንገት ትጠፋባችኋለች።»

«ዘር ነው በሉኛ» አልኋቸው። የገበሬ ልጅ ነኝ፤ አባቴ በክፉ ዘመን እንኳ የዘሩን ጎታ አልከፈተም። ፍርሃቴ እዚያች ቀይ መስመር ላይ አረፈ። የሚጠበቅ ነገር ካለ መጠበቅ እችላለሁ።

ረቡዕ፣ ከደሴ እስከ ገብሱ ማሳ

ራህመትን በጠዋት አልጋው ላይ አስተኛናት። ማሽኗ ፍስስ አለች፣ ጠቅ አለች፣ መሥራት ጀመረች። ለክፉ ቀን ብለው ከሐኪም ቤት የሰጡን ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደርም አለች፤ እሷ ግን ብዙ አትቆይም። ልጄ መጋረጃዋን ገለጥ አድርጋ ውጭውን አየችና «እማ፣ ፈረንጅ አደረግሽኝ» አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ስትቀልድ ሰማኋት።

ጉጉፍቱ ላይ ነፋሱ መኪናዋን ያወዛውዛታል። በጎች፣ የድንጋይ ካብ፣ ባሕር ዛፍ፣ ጭቃ። እኔ አገሩን አላየሁም፣ ዓይኔ መርፌዋ ላይ ነው። «የወለድሽው እኔን ነው መርፌዋን?» አለችኝ ራህመት።

ጊምባን አልፈን ጥቂት እንደሄድን መንገዱ ተዘግቷል። አንድ ከባድ መኪና ጭቃው ውስጥ ተጋድሞ ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲህም ከዚያ ወዲያም መኪና ቆሟል። ካፊያ ይጥላል። ሰይድ ሞተሩን ሳያጠፋ ትንሽ ቆየ፣ ግን ደሴ ተሰልፈን ያገኘነው ናፍጣ ልክ ቤት የሚያደርሰን ነው። አጠፋው። መርፌዋ መውረድ ጀመረች።

ከመንገዱ በላይ ካለው መንደር ሰዎች መጡ። አንዲት ሴት፣ ዘሃራ ትባላለች፣ በጆግ ወተት፣ በሰፌድ ቆሎ ይዛ መጥታ «እንግዳ በዝናብ አይቆምም፣ ቤት ግቡ» አለችን። የታመመ ይዘናል ስላት ወተቱን ለራህመት በኩባያ ቀድታ በእጇ ሰጠቻት። ከዚያ ከመቀነቷ ስልክ ከነቻርጀሩ አወጣች። መብራታቸው ከጠፋ ሰንብቷል። ልጇ ዐረብ አገር ነው፤ የሚደውለው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው፤ ባለፈው ሐሙስ ስልኩ ሞቶባት አልፏታል። ከኋላዋ ሌሎችም ስልካቸውን ይዘው ቆመዋል።

በኛ አገር ምድጃዋ የጠፋባት ሴት ገል ይዛ ጎረቤት ትሄዳለች፤ እሳት ትጭራለች። እሳት የከለከለ ሰው ስሙ አይነሳም። ዛሬ እሳቱ ቻርጅ ነው፣ ገሉ ስልክ ነው። ወተቷን ደግሞ ልጄ ጠጥታለች።

ሰይድ አንድ ስልክ ምኗንም አይነካም ብሎ በጆሮዬ ነገረኝ። አውቃለሁ። ለዘሃራ ከሰጠሁ ግን ለሌላው ምን እላለሁ? መንገዱስ መቼ ይከፈታል? ራህመት ከአልጋዋ «እማ፣ ስጫት» አለች። ልጄ ራሷ ስትለኝ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ልቤ ግን አልተነቃነቀም። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትሁና ሁሉም እንዲያዩ አደረግሁ፦ ቱቦውን፣ ማሽኗን፣ መርፌዋን፣ ቀዩን መስመር።

«እሳት የምከለክል ሰው አይደለሁም፣ አትቀየሙኝ» አልኋቸው። «ይኼ ግን ዘር ነው። መርፌዋ ከቀዩ ከወረደች የሚያልቀው የልጄ ትንፋሽ ነው። ሞተር ሲነሳ ይሞላል፣ ያኔ ለሁላችሁም በሆነ። አሁን ግን አልሰጥም።»

አንድ ሽማግሌ፣ አባ ይመር አሏቸው፣ አንገታቸውን አስገብተው መርፌዋን ትክ ብለው አዩ።

«ዘር ከሆነማ አይነካም» አሉ። ከዚያ ወደ ጎረምሶቹ ዞሩ። «ስልክ ታቅፋችሁ ምን ትቆማላችሁ? አካፋ አምጡ። ካቡን አፍርሱት፣ በማሳው ትለፍ።»

ካቡ የሳቸው ነው። ከካቡ ወዲያ ያለውም ያሸተው ገብስ የሳቸው ነው። ኧረ አይሆንም አልሁ።

«ገብስ ከርሞም ይዘራል» አሉኝ። «አንቺ የያዝሽው አንድ ፍሬ ነው።»

ወንዶቹ ካቡን አፈረሱ፣ ድንጋዩን በማሳው ጭቃ ላይ እየደረደሩ መሄጃ ሠሩ። ከኋላችን ያሉት ሾፌሮችም ወርደው አገዙ፤ እኛም እንለፍ እንዳይሉ ግን አባ ይመር ዱላቸውን አግድመው ካቡ አፍ ላይ ቆሙ። «የልጅቷ መኪና ብቻ» አሉ። አንዱ ሾፌር እኔም የታመመች ሚስት አለችኝ ቢላቸው፣ «አንተን ያገባች ሁሉ ታማለች፣ ቁም» አሉት።

ሰይድ ሞተሩን ሲያስነሳ መርፌዋ ከቀዩ ጋር አንድ ሆና ነበር። ዘሃራ ሮጣ መጣች።

«እንግዲያው ስልኬን ይዘሽልኝ ሂጂ። እየሄድሽ ይሞላል፣ ነገ በሚኒባስ ላኪልኝ።»

ሌሎቹም ይህን ሲሰሙ ሰጡኝ። እንዳይቀያየር በየስልኩ ክር አሰርን፤ የሷ ቀይ ነው። ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም። ጎማው ገብሱን እየተኛበት ሲያልፍ ወደ ኋላ ማየት አቃተኝ።

አመሻሹ ላይ መካነ ሰላም ስንገባ መብራት የለም። መርፌዋ ግን ከቀዩ በላይ ወጥታ ቆማለች። ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቷን ከግድግዳው ሥር አስጠጋን፣ ረጅሙን ሽቦ በመስኮት አስገባን። ማሽኗን ከነሥራዋ ተሸክመን ራህመትን በገዛ አልጋዋ አስተኛናት። ፍስስታው አንዴም አልተቋረጠም።

ሐሙስ፣ ቤት

ሌሊቱን ሰይድ ከጎረቤት በለመነው ናፍጣ ባትሪውን ሊሞላ ሞተር ባስነሳ ቁጥር ስልኮቹን በየተራ ሞላኋቸው። ለሚኒባሱ ረዳት ልሰጥ በፌስታል እያስገባሁ ሳለ ባለ ቀይ ክሩ ጠራ። ላንሳ አላንሳ እያልሁ ከራሴ ጋር ተሟገትሁ። ራህመት በዓይኗ አንሺው አለችኝ።

«እማ?» አለ የወንድ ድምፅ።

እናትህ ደኅና ናት፣ ስልኳ እኔ ዘንድ ሊሞላ መጥቶ ነው፣ ዛሬ ይደርሳታል፣ ማታ ደውልላት አልሁት። ሲተነፍስ ሰማሁት፤ ሁለት ሐሙስ ሙሉ ትንፋሹን የያዘ ነው የሚመስለው። ማን እንደሆንሁ ጠየቀኝ። ወተቷን የጠጣን መንገደኞች ነን አልሁት።

ከኋላ ፍስስ የሚለው ምንድን ነው አለኝ።

«ልጄ ናት» አልሁት።