ከታች ያለችው መስመር

መብራት ሲጠፋ እኛ ሻይ ልንጠጣ እንወጣለን። ረምላ ግን ከፍሪጁ አጠገብ አትነቃነቅም፤ ቫይረሷ እዚያ ውስጥ ነው። ሆሳዕና ባለው ቤተ ሙከራችን ይህን የማያውቅ የለም።

ቫይረሱ ሰው አያሳምምም። የሚገድለው እንሰትን የሚያጠወልገውን ባክቴሪያ ነው። ያገኘችው ሞርሲቶ ከተማ፣ በእናቷ በእማማ ሀዋ ጓሮ፣ ታሞ ከወደቀ እንሰት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቫይረሱ ባክቴሪያውን የሚይዝበትን የጅራቱን ጫፍ የሚሠራው ጂን የትኛው ነው? እሱ ከታወቀ መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም ትላለች። እኛ ጴንጤዎቹም ሳንቀር «ኢንሻአላህ» እንላታለን።

ቫይረሱ የሚራባው ባክቴሪያው ውስጥ ነውና እሱን ለማብዛት ባክቴሪያውን መቀለብ ያስፈልጋል። ከውጭ የሚመጣው ቀለብ አለቀ፤ ግዢው ተጓተተ። ሌላ አገር ቢሆን ሥራው በቆመ ነበር። ረምላ ግን የእንሰት አገር ልጅ ናትና እናቷ ጋ ደወለች። እማማ ሀዋ ከተረፉላቸው ጥቂት እንሰቶች አንዱን ነቅለው ሥሩን፣ አሚቾውን፣ በሚኒባስ ላኩላት።

«ያ የምትቀልቢው ነገር አሚቾ ይወዳል እንዴ?» ብለው በስልክ ሳቁባት።

ረምላ አሚቾውን ቀቅላ፣ መረቁን አጣርታ ባክቴሪያዋን ቀለበችበት።

ክረምት ላይ እማማ ሀዋ አረፉ። የቀረውን እንሰት በሽታው ጨረሰው፤ ወንድሟም ጓሮው ላይ ባሕር ዛፍ ተከለ። ረምላ ስለ እናቷ አታወራም። ስለ ጂን ከጠየቃችኋት ግን መሽቶባችኋል።

የቫይረሱን ፕሮቲኖች ጄል በሚባለው ስስ፣ ዝልግልግ ንጣፍ ላይ ስትለያቸው ሰማያዊ መስመሮች ሆነው ተደረደሩ። የትኛውን የትኛው ጂን እንደሚሠራው እንዲታወቅ ከእያንዳንዱ ቁንጣሪ ቆርጣ ለምርመራ ወደ ውጭ ላከች። የቅርፊቱ ጂን ተለየ፤ የአንገቱም፣ የጅራቱም። ከታች ያለችው ወፍራም መስመር ብቻ ከየትኛውም የቫይረሱ ጂን ጋር አልገጥም አለች።

«ጫፉ እሷ ናት» ብላ ረምላ ሙጭጭ አለች። ድጋሚ አስመረመረቻት።

መልሱ መጣ። መስመሯ የቫይረሱ አይደለችም፤ የእንሰት ፕሮቲን ናት።

አለቃችን ዶክተር እንድርያስ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «መረቁ ነዋ! ሥራውን በአሚቾ ያበላሸ ከእኛ ሌላ ማን አለ? አሁን የውጭው ቀለብ ገብቷል፤ በንጹሑ ድገሚው። ይቺ ስትጠፋ ምናልባት ጫፉ ከሥሯ ይወጣል» አሏት።

ረምላ እሳቸው እስኪወጡ ጠበቀች።

«ታንጉት፣ የእማ እንሰት እኮ ነው» አለችኝ። «የትም የለም። እዚህ ብቻ ነው ያለው። ደግሞ እኔው ላጥፋው?» ከዚያ «ናፈቀችኝ» ብላ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ደገመችው፤ ሥራዋ ነው። ዛሬ ጠዋት አዲሱ ጄል ቀለም ሲይዝ የእንሰቱ መስመር የለችም። በቦታዋ ሌላ ፈዛዛ መስመር ብቅ ብላለች። ዶክተር እንድርያስ አጨበጨቡ፤ ሁላችንም ተንጋግተን ጄሉን ከበብነው።

ቀና ስል ረምላ አጠገባችን የለችም። ጥግ ላይ ቆማ አሮጌውን ጄል ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ ታየዋለች።