የጉን-ብሪት ሊጥ እና የአልቫር ተራ

የጉን-ብሪት ሥራ ምንድነው ብትሉኝ፣ ፕላስቲክ ትዘፈዝፋለች። ኖርሾፒንግ ከተማ ባለው ቤተ ሙከራችን ለብዙ ዓመት አጠገቧ ሠርቻለሁ። ዶክተሮቹ ስሙን በግማሽ ገጽ ቢጽፉትም ነገሩ ያው መዘፍዘፍ ነው።

የምትዘፈዝፈው አንጎል ውስጥ ተቀብሮ በኤሌክትሪክ መንቀጥቀጥ የሚያስታግስ፣ ኤሌክትሮድ የሚሉት የፕላስቲክ ሽቦ ነው፤ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ እንደፈለጉ የሚታጠፍ። የድሮው ግን ብረት ነበር። አንጎል ደግሞ ለስላሳ ነው፤ ልብ በመታ ቁጥር ይነቃነቃል። ብረቱ ሲወጋው ይቆጣና ጠባሳ ይጠቀልልበታል፤ ያኔ ብረቱ ደንቆሮ ሆኖ ይቀራል። የጉን-ብሪት ታናሽ ወንድም አልቫር ጭንቅላት ውስጥ እንዲህ ያለ ደንቆሮ ብረት አለ። እጁ መንቀጥቀጥ አላቆመም። ለስላሳው ፕላስቲክ በሰው ላይ ሲሞከር የመጀመሪያው ተረኛ እሱ ነው፤ ግን አስቀድሞ ፕላስቲኩ እንደ ሰው ገላ በሞቀ ጨው ውሃ ውስጥ ዓመት ሙሉ ሳይበላሽ መክረም አለበት። ዓመቱ ሊሞላ ሳምንት ቀርቶት ነበር።

በዚያ ሳምንት የዓርብ ፊካ ተራ የጉን-ብሪት ሆነ። ፊካ ላይ ሥራችንን ጥለን ቡናችንን በጣፋጭ ዳቦ እንጠጣለን። ተረኛው ከሱቅ ገዝቶ ቢመጣ ማንም ምንም አይለውም፤ ጡረታ እስኪወጣ ግን አይረሱለትም። ጉን-ብሪት ደግሞ ከምትታማ ሞቷን ትመርጣለች። የየካቲት ብርድ ቤቷን አቀዝቅዞት ሊጡ ኩፍ አልል አላት። እዚህ አገር እርሾ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ እንደሚወድ ሕፃን ልጅ ያውቃል። የኛ የመዘፍዘፊያ ሳጥን ደግሞ ቀን ከሌት ሠላሳ ሰባት ላይ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ሊጧን ከቤት አምጥታ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አኖረችው።

ዓርብ ጠዋት ሳጥኑን አብረን ከፈትነው። ሊጡ ሳህኑን ጥሎ ወጥቷል። ወደ ታች ወርዶ፣ ፕላስቲኩ የተዘፈዘፈባቸውን ብርጭቆዎች ክዳን ገፍቶ፣ ጨው ውሃው ውስጥ ተዘርግቷል፤ ቅቤው ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ለአንጎል የተሠራ ዕቃ በቅቤ ታሽቶ አይቼ አላውቅም።

“ዝም በል፣ አንተ ከይሲ!” አለችኝ።

ኤሌክትሪክ ያስተላልፉ እንደሆን ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ለካቻቸው።

“ሁሉም ይሠራሉ” አለች በሹክሹክታ። “አጥበን ውሃውን ብንቀይረው ማን ያውቃል?”

“እኔ እንደሆነ ዛሬ ዓይኔ አያይም።”

ሳቋ መጣና መልሶ ጠፋ። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

“ቅቤው ውስጥ ውስጡን በልቶት ቢሆንስ? ቆይቶ ቢከሽፍስ?”

“አልከሸፈማ! አሁን ለካሽው አይደል እንዴ?”

“መጀመሪያ የሚከፈተው ጭንቅላት የማን ነው፣ አንተ?”

ሳጥኑን መልሼ ዘጋሁት።

በፊካ ሰዓት ጉን-ብሪት የሱቅ ብስኩት ይዛ ቀረበች። ሰው የሞተ መስሏቸው ሁሉም ደነገጡ። ቆማ፣ ምንም ሳትደብቅ ተናገረች። አለቃችን ቶርብዮርን ስኒውን አስቀመጠ።

“እሺ። ስለነገርሽን አመሰግናለሁ። ሌላ አስተያየት ያለው አለ?”

ቢጮህባት ይሻል ነበር። እነሱ ግን አይጮኹም፤ ተራ በተራ በጨዋ አንደበት አዘኑላትና ከዜሮ እንዲጀመር ወሰኑ። ዓመቱ እንደገና ሊቆጠር ነው። ብስኩቱን የነካ የለም።

እዚያው ኮሪደር ላይ ደወለችለት።

“አልቫር፣ ተራህን በሊጥ አበላሸሁት። ሌላ ዓመት መጠበቅ አለብህ።”

የአልቫር ድምፅ ለኔም ይሰማኝ ነበር።

“በሊጥ? አንቺ ጅል! እጄ ሲያርፍልኝ ጢሜን ራሴ ልላጭ ብዬ ምላጭ ገዝቼ ነበር እኮ።”

“እኔ እላጭሃለሁ።”

“እንዳትቆርጪኝ ብቻ። እጅሽ ከእኔ አይሻልም።”

ቅዳሜ አልቫር ቤት በመኪናዬ አደረስኳት። ጉንጩን በአንድ እጇ ደግፋ ትላጨዋለች፤ እሱ ይሰድባታል፣ እሷ ታለቅሳለች። አልቫር መንቀጥቀጡን እንዳታይበት እጁን ጭኑ ሥር ቀብሮት ነበር።