ያበጠችው ኮንደንሰር

ዛሬ የአንድ ትምህርት ቤት አሮጌ ኮምፒውተር ፈታሁ። ማዘርቦርዱ ላይ ድሮ ኮንደንሰር ይባሉ የነበሩ አራት ካፓሲተሮች አናታቸው አብጧል። አሮጌዎቹን ለመንቀል የጋለውን የመበየጃ ብረት ሳስጠጋ የሚቀልጠው እርሳስ ሸተተኝ፤ ሽታው ይዞኝ ነቀምት፣ የኦቦ ገመቹ ሬዲዮ መጠገኛ ገባ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ደርግ አባቴን ካሰረው ወራት አልፈዋል። እናቴ የእሱን ትልቅ ሬዲዮ እንደ ሕፃን አዝላ መጣች። ኦቦ ገመቹ ሰክተው ሲሞክሯት እንደ ንብ ቀፎ ከማጉረምረም በቀር ቃል አልወጣትም። ነቀሏትና ጀርባዋን ከፈቱት። ውስጧን ለመንካት እጄን ስዘረጋ፣

«ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ፣ እንዳትነኪ!» ብለው ጮኹብኝ።

«ነቅለዋታል እኮ» አለች እናቴ።

ኦቦ ገመቹ ውስጧ ያለችውን ያበጠች ኮንደንሰር ሁለት እግሮች በካቻቢቴ አገናኟቸው። ጧ! ሰማያዊ ብልጭታ ዘለለ። እናቴ ቀሚስ ውስጥ ተወሸቅሁ። ከተነቀለ ነገር መብረቅ ወጣ!

«አዴ፣ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥም የያዘችውን ቶሎ አትለቅም» አሏት።

«ለስንት ጊዜ ትይዛለች?» አለች እናቴ።

«እሱ እንደ ጥንካሬዋ ነው።»

እናቴ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እኔ ለኮንደንሰሯ ያዘነች መስሎኝ ነበር።

ካፓሲተር በነቀልኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ያ ብልጭታ ይታየኛል። አባቴ አልተመለሰም። ሬዲዮዋ እናቴ አልጋ ራስጌ ተቀምጣለች፤ እናቴን አቧራዋን ልጥረግልሽ ስላት፣ ያረጀ እጇን ጣል ታደርግባትና «እንዳትነኪ» ትለኛለች።