ሰኞ ይመጣሉ

ጋራዡ ውስጥ ያለውን እጀታው የተሰነጠቀ አካፋ ከተጋባን ጀምሮ ጣይው ትለኛለህ። እሺ እልሃለሁ፣ አልጥለውም። ዝናብ ሲመጣ ላዩ ላይ የደረቀው ጭቃ ይሸተኛል።

የአባቴ ነበር። ያኔ ዌስት አዳምስ የሚባል ሰፈር፣ ምድር ቤት እንኖር ነበር። ከጓሮው አጥር ማዶ የሲሚንቶ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ነበር፤ በጋውን ሙሉ ደረቅ ስለሆነ አሮጌ ፍራሽ፣ የሱቅ ጋሪና የዘንባባ ዝንጣፊ ሞልቶት ነበር። አባቴ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ተቀጥሮ የእንግዶች መኪና ሲያቆም ውሎ ይመጣና አጥሩን ይዞ ቦዩን ያያል። አንድ ቀን "ሳይቃጠል በቅጠል" አለና ዝናቡ ሳይመጣ ቦዩን ለመጥረግ ለቅዳሜ ደቦ ጠራ። ታክሲ ነጂው ጎረቤታችን ግን ሳይፈቀድ መግባት እንደሚያስቀጣ ነገረው። የቤቱ እንግሊዝኛ እኔ ነበርኩ፤ ደውዪና አስፈቅጂ ተባልኩ።

ዓርብ ከትምህርት ቤት መልስ ደወልኩ። ማዘጋጃ ቤቱ ቦዩ የካውንቲው፣ የአውራጃው አስተዳደር ነው አለኝ። ካውንቲው ቦዩስ የእኛ ነው፣ ቆሻሻው ግን የማዘጋጃ ቤቱ ነው አለ። መልሼ ስደውል ጠብቂ ብለው ሙዚቃ ከፈቱልኝ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ጓደኞቼ ፓሳዴና ለሽርሽር ሊወስዱኝ ውጭ መኪና ውስጥ ሆነው ጥሩንባ ይነፋሉ። ስልኩን ዘጋሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ስድስት ሰዎች አካፋቸውን ይዘው ግቢያችን ቆሙ። አባቴ በሁሉም ፊት "ሲቲው ምን አለሽ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ሰኞ ይመጣሉ" አልኩት።

ታክሲ ነጂው ሳቀ። "ሶ፣ እነሱ ከመጡ እኛ ምን አስገባን ጋሼ?"

አባቴ ደስ አለው። መንግሥት ያለበት አገር እንዲህ ነው ብሎ፣ ለደቦው የተሠራውን ምሳ አብልቶ ሸኛቸው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳለን ዝናቡ ጀመረ። ስንመለስ ቦዩ ገንፍሎ ቤታችን ገብቶ ነበር፤ ምንጣፉ ከእግራችን ሥር ይንሳፈፋል። አባቴ በቀጥታ ወደ አልጋው ሄዶ ጎንበስ አለና ከሥሩ የእናቴ ካሴቶች ያሉበትን ካርቶን አወጣ። እናቴ ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት በደብዳቤ ፈንታ ድምጿን በካሴት እየቀዳች ትልክለት ነበር። እኔን ከወለደች በኋላ በሕይወት ብዙ አልቆየችም፤ እናቴን የማውቃት በእነዚያ ካሴቶች ነው። አባቴ የካሴቶቹን ክር እየፈታ በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አሰጣቸው። ሲደርቁ አንድ በአንድ ሞከራቸው። የሚሰማው ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነበር።

ማልቀስ ነበረብኝ፣ አላለቀስኩም። አሁንም ስነግርህ ምንም አይሰማኝም፤ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ሰኞ አባቴ ሥራ ቀርቶ አጥሩ ጋ ቆሞ ዋለ። ማንም አልመጣም። ሲመሽ ገባና ወረቀት አምጪ አለኝ። እሱ በአማርኛ እየተናገረ፣ እኔ በእንግሊዝኛ ለማዘጋጃ ቤቱ አቤቱታ ጻፍኩ። "ልጄን ሰኞ እንመጣለን ብላችሁ ዋሻችኋት" በይ አለኝ። ጻፍኩት።

ፈርሞ ሲጨርስ ጭንቅላቴን ዳበሰኝ። "አይዞሽ፣ አንቺ ምን ታደርጊ?"

እስኪያርፍ ድረስ ማዘጋጃ ቤት የሚልከውን ወረቀት አያምንም ነበር። መጀመሪያ ለእኔ ይሰጠኝና አንብቤ የነገርኩትን ያምን ነበር።