የጋሽ ዓለሙ ዶሮዎች ለምን አነሱ

ጋሽ ዓለሙ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች፣ ባሕር ዛፉ መሀል ተወልደው እዚያው ያረጁ ሰው ናቸው። ከአባታቸው የወረሱት ትልቁ ሀብት ቀይ የዶሮ ዘር ነበር፤ አውራዎቹ አጥር ላይ ሲወጡ አጥሩ ይጎብጥ ነበር። ዛሬ ግቢያቸውን ያየ ሰው ጫጩት የሞላበት ይመስለዋል። ጫጩት አይደሉም፤ አድገው የጨረሱ ናቸው። የድሮውን ቁመና የያዘው ኮሎኔል የሚሉት፣ ገና ዘንድሮ የደረሰ አንድ አውራ ብቻ ነው።

ጋሽ ዓለሙ ግን ምክንያቱን ደርሰውበታል። «በዓል በመጣ ቁጥር ትልቁ እንደሚታረድ አይተው፣ ተማክረው ነው ያነሱት» ይላሉ። መድኃኒቱንም ራሳቸው አበጁ። ዶሮዎቹ ሲንጠራሩ ይረዝማሉ፣ ጫጩቶቻቸውም ረጃጅም ሆነው ይፈለፈላሉ ብለው ጎመን ከፍ አድርገው ሰቀሉ። ዶሮዎቹ አልረዘሙም። መዝለል ግን ለመዱና የጎረቤትን ሰላጣ ጨረሱት።

በቅዳሜ ሹር ረፋድ ላይ ልጃቸው ሰገነት ከአያት ሰፈር መጣች። ሰገነት የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። በማግስቱ እጮኛዋ ቢንያም አጎቱን አቶ ፍሮምሳን ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታቸው ይፈስካል። እናቷ እትዬ በለጡ ውኃውን ጥደው፣ ቢላውን ስለው ለባላቸው አቀበሉ።

«ኮሎኔልን ያዘው። ለአማች ድንክ ልታርድ ነው? አሥራ ሁለት ብልት ከየት ይወጣዋል? አሥራ ሁለት ጉርሻም አይሆን!»

«እሱ ከታረደ የአባቴ ዘር አለቀ» አሉ ጋሽ ዓለሙ። ቢላው እጃቸው ላይ ከበዳቸው።

«አባዬ፣ ዶሮዎቹኮ አልተማከሩም» አለች ሰገነት። «እስቲ ይንገሩኝ፤ ለእንቁጣጣሽ የትኛውን አረዱ?»

«ትልቁን።»

«ለገናስ?»

«ከቀሩት ትልቁን።»

«ታዲያ ለጫጩቶቹ አባት ማን ሆነ?»

ጋሽ ዓለሙ ግቢውን ቃኙ። ከሲታዎቹ አውራዎች ሥራ ላይ ነበሩ።

«እነዚህ ናቸዋ!»

«አዎ! ዝግመተ ለውጥ የሚባለው ይኸው ነው!» ሰገነት ክፍል ውስጥ የገባች መሰላት፤ እጇ ጠመኔ ፈለገ። «ዶሮ ፈልጎ አያንስም፤ ተንጠራርቶም ልጁን አያስረዝምም። ትልልቆቹ ዘር ሳይተዉ ወጥ ሆኑ፣ ትንንሾቹ ተርፈው ወለዱ፣ ልጆቻቸውም እነሱን መሰሉ። የተለወጠው መንጋው ነው እንጂ አንዱ ዶሮ አይደለም።»

«ጠንካራው ያሸንፋል ይባል የለም እንዴ?» አሉ ጋሽ ዓለሙ።

«እዚህ ግቢ ጠንካራው ድስት ይገባል።»

እትዬ በለጡ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እኔማ አያታችን ጦጣ ናት ብለሽ ታስተምሪያለሽ ሲሉኝ፣ ማኅበር ላይ አንገቴን ደፍቼ ከርሜያለሁ።»

«አያታችን አይደለችም፣ እማዬ። እኛም እሷም ከአንድ ጥንታዊ ቅድመ አያት ነን። የሩቅ የአክስት ልጅ በያት።»

«የአክስት ልጅ?» እትዬ በለጡ ቀና ብለው ባሕር ዛፉን አዩ። «ብቻ ለበዓል እንዳትመጣብኝ።»

ጋሽ ዓለሙ ግን ቆርጠው ነበር። ኮሎኔልን ጓዳ ቆለፉበትና ሁለት ድንክ አረዱ፤ ለእንግዶቹ አንድ ትልቅ ዶሮ ነው ሊባል።

በፋሲካው ማዕድ እትዬ በለጡ ፈረሰኛውን፣ ከአንድ ዶሮ አንድ ብቻ የሚወጣውን የክብር ብልት፣ ለአቶ ፍሮምሳ አወጡላቸው። ከዚያ ተዘናግተው ሌላ ፈረሰኛ ለባላቸው።

አቶ ፍሮምሳ የራሳቸውን አዩ፤ የጋሽ ዓለሙንም አዩ።

«ጋሽ ዓለሙ፣ ዶሮዎ ስንት ፈረሰኛ ነው ያለው?»

«ሁለት» አሉ ጋሽ ዓለሙ፣ ላብ እያጠመቃቸው። «ዝግመተ ለውጥ ነው።»

ሰገነት ግንባሯን ያዘች። በዚሁ ቅጽበት ኮሎኔል ከጓዳ ጮኸ፤ ቆርቆሮው ነዘረ።

ከዚህ በኋላ መደበቅ የለም። ጋሽ ዓለሙ በሩን ከፈቱ። ኮሎኔል ደረቱን ነፍቶ ማዕዱ አጠገብ ቆመ፤ እሳቸውም የአባታቸውን ዘር፣ የተሰቀለውን ጎመን፣ የሁለቱን ድንኮች ነገር አንድ በአንድ ተናዘዙ። አቶ ፍሮምሳ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«እንግዲህ ለሠርጉ የሚታረደው እሱ ነዋ!»

«ኧረ እሱ አይነካም! ለሠርጉ ልጆቹ ይደርሳሉ።»

«ትልልቆቹ?»

ጋሽ ዓለሙ ወደ ሰገነት ሰረቅ አድርገው አዩ። «ትልልቆቹ አባት ይሆናሉ። እናንተ የምትበሉት ትንንሾቹን ነው።»

«ፈረሰኛው እንዲህ ከበዛልን» አሉ አቶ ፍሮምሳ እየቆረሱ፣ «እኛ ምን ቸገረን!»